ኮምፒውተሩ ከመጣ በኋላስ?

አንድ ትምህርት ቤት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲያገኝ ደስታው ታላቅ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጨርቅ ለብሰው ይቆለፍባቸዋል፤ ሲከፈትም ተማሪው የሚማረው መተየብ ብቻ ይሆናል። ኮምፒውተር ግን ልጁ የራሱን ሥራ የሚፈጥርበት መሣሪያም ነው።

ሲይሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ በ1967 እ.ኤ.አ. ሎጎ የተባለውን የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ሲሠሩ ዓላማቸው ይኸው ነበር። በ2007 ከአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የወጣው ስክራች ደግሞ ነገሩን አቀለለው። ልጁ ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየገጣጠመ ተረት ወይም ጨዋታ ይሠራል። ስክራች በነጻ ይገኛል፤ በአማርኛም አለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

መምህሩ ከየት ይጀምር? በመጀመሪያ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት በወረቀት ላይ በአራት ሥዕል ይከፋፍሉት። ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነው በየተራ በኮምፒውተሩ ይሥሩት። በመጨረሻም ለክፍሉ ያሳዩ፤ ለምን እንዲህ እንዳደረጉትም ይጠየቁ። ያልሠራውን ትእዛዝ ፈልጎ ማረም ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ወላጆችና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ኮምፒውተር ተቆልፎም ያረጃል። ልጆች ሲነኩት ቢበላሽ ይጠገን ይሆናል፤ ያለፈ የልጅነት ዘመን ግን አይመለስም።