የሳሎን ኮምፒውተር፦ ከፋይሉ ተነሥቶ የሚገጣጠም ማሽን

ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ በሃርድ ዲስክ የተከማቹ የቪዲዮ ፋይሎችን ለቤተሰብ የሚያሳይ፣ በኪቦርድና በማውስ ሳይሆን ከሶፋ ላይ በሪሞት የሚታዘዝ ኮምፒውተር የሳሎን ኮምፒውተር ሊባል ይችላል። ከሳተላይት ሪሲቨር የሚለየው የሚታየውን ሁሉ ባለቤቱ ራሱ ሰብስቦና አደራጅቶ የሚያስቀምጥበት በመሆኑ ነው። ይህን ማሽን ለመገጣጠም የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት ነው፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው መጀመር ያለበት ከፋይሉ ነው። ምን ዓይነት ፋይል እንደሚያይ ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ትንሽና ጸጥ ያለ ማሽን ሲበቃው፣ ይህን ሳያጣራ የገዛ ሰው ግን ውድ ዕቃ ይዞም ምስሉ እየተቆራረጠ ሊቸገር ይችላል።

የነገሩ መሠረት ቀላል ስሌት ነው። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ምስል በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ፒክስሎች፣ ማለትም የቀለም ነጥቦች ሲኖሩት፣ ሲባዙ ቁጥራቸው ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ቢይዝ አንዱ ምስል ብቻውን 6.2 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስሎች ስለሚያሳይ ደግሞ የአንድ ሰከንድ ፊልም 149 ሜጋባይት፣ የ2 ሰዓት ፊልም ከ1 ቴራባይት በላይ ይፈጃል። ባለ ሁለት ንብርብር የብሉሬይ ዲስክ ግን የሚይዘው 50 ጊጋባይት ብቻ ነው። ፊልሙ በዲስኩ ላይ ሊገባ የቻለው ቪዲዮ ታምቆ ስለሚቀመጥ ነው፤ ተዋናዩ ሲናገር ከጀርባው ያለው ግድግዳ ስለማይንቀሳቀስ ግድግዳው አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው በአብዛኛው የተለወጠው ክፍል ብቻ ይሆናል። ይህን የማመቅና መልሶ የመፍታት ሥርዓት ኮዴክ ይሉታል። ዲቪዲ የሚጠቀመው ኤምፔግ 2፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች 264፣ በ2013 የተከተለው ኤች 265 እና በ2018 ይፋ የሆነው ኤቪ1 በየተራቸው ተመሳሳይ ጥራትን ባነሰ ቦታ ለመያዝ የተነደፉ ሲሆን፣ ፋይሉ ባነሰ መጠን ግን እርሱን ለመፍታት የሚጠየቀው ስሌት እየከበደ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነጥብ መለየት ያስፈልጋል። በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የሚታየው ኤምኬቪ ወይም ኤምፒ4 የሚለው ቅጥያ የመያዣው ስም እንጂ የኮዴኩ ስም አይደለም፤ አገልግሉን ከውጭ በማየት ውስጡ ያለው ዶሮ ይሁን ምስር እንደማይታወቅ ሁሉ፣ በአንድ ዓይነት መያዣ ውስጥ የተለያዩ ኮዴኮች ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ማሽን ከመምረጥ በፊት ያሉትን ፋይሎች ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ሶፍትዌር ከፍቶ የኮዴክ መረጃውን ማንበብ ተገቢ ነው።

ፋይሉ ከታወቀ በኋላ የሚፈለገው ያንን ኮዴክ ለመፍታት ብቻ የተሠራ የራሱ ክፍል በቺፑ ውስጥ ያለው ማሽን ነው። ይህ ክፍል ከሌለ ሥራው ሁሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ስለሚወድቅ ማሽኑ ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ፊልሙ ጸጥ በሚልበት ቦታ ላይ ክፍሉን የሚሞላው የማራገቢያ ድምፅ ይሆናል። በኢንቴል ቺፖች ላይ ዛሬ በ4ኬ ፊልሞች የተለመደውን ባለ 10 ቢት ኤች 265 በተሟላ ሁኔታ የሚፈቱት ከ7ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ሲሆኑ፣ ኤቪ1 የተጨመረው በ11ኛው ትውልድ ነው። አዲስ መሆን ሁልጊዜ የተሻለ ማለት እንዳልሆነ ደግሞ ራስበሪ ፓይ የተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር ታስረዳለች፤ በ2019 የወጣችው 4ኛዋ ኤች 264ንም ኤች 265ንም የሚፈታ ክፍል ሲኖራት፣ በ2023 የተከተለችው 5ኛዋ በፍጥነት ብትበልጣትም የኤች 264 ክፍሉ ተወግዶባት ያንን ሥራ ለፕሮሰሰሩ ትታለች። በዚያው ዓመት የወጣው የኢንቴል ኤን100 ቺፕ በ6 ዋት የኃይል መጠን ተነድፎ ኤቪ1ን ጭምር ስለሚፈታ፣ ለሳሎን ማሽን ከቀረቡት ምርጫዎች ሁሉ ሚዛናዊው እርሱ ይመስላል። ከዚህ ውጭ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚሆን ትንሽ ኤስኤስዲ በቂ ናቸው፤ ለጌም የሚሸጥ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ለዚህ ሥራ ከሙቀትና ከድምፅ በቀር የሚጨምረው ብዙም የለም።

ኮምፒውተሩን የሳሎን ዕቃ የሚያደርገው ሶፍትዌሩ ነው። ለዚህ ከተሠሩት ሶፍትዌሮች ውስጥ በስፋት የሚታወቀው ኮዲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ለመጀመሪያው ኤክስቦክስ፣ ማለትም 733 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ለነበረው የጌም ማጫወቻ ሲሆን፣ በበጎ ፈቃደኞች ጥረት ወደ ሌሎች ማሽኖች ተስፋፍቶ የአሁኑን ስሙን በ2014 አገኘ። ኮዲ ራሱ ፊልም አያቀርብም፤ የባለቤቱን ፋይሎች አንብቦ ፖስተራቸውንና ታሪካቸውን ከመረጃ ቋት አምጥቶ ይደረድራቸዋል፣ ለዚህም የፋይሉ ስም የፊልሙን ርእስና የወጣበትን ዓመት መያዝ አለበት፤ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ከሆነ ከርእሱ ቀጥሎ 2008 ይጻፋል ማለት ነው። ሊብረኤሌክ የተባለው አነስተኛ የሊኑክስ ሥርዓት ደግሞ ማሽኑ ሲበራ በቀጥታ ወደ ኮዲ እንዲገባ ስለሚያደርግ፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ የቤተሰቡ አባላትም ያለ ችግር ይጠቀሙበታል።

ከተገጠመ በኋላ ሳይስተካከል የሚቀረው ብዙ ጊዜ የምስሉ ምት ነው። ቴሌቪዥኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል የሚያድስ ከሆነና ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስሎች ካሉት፣ 60 ለ24 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል አንዱ ምስል 3 ጊዜ፣ ቀጣዩ 2 ጊዜ እየተደገመ ይታያል፤ ካሜራው በተራራ ሰንሰለት ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ በጥቂቱ እየተገታ የሚሄድ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። በኮዲ ማስተካከያ ውስጥ የቴሌቪዥኑን የማደሻ ፍጥነት ከቪዲዮው ጋር የሚያስማማው ምርጫ ሲበራ ችግሩ ይወገዳል፤ ምንም ወጪ የሌለው ይህ ማስተካከያ ከማንኛውም ውድ ዕቃ የበለጠ ለውጥ ያመጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህ ማሽን የሚሰጠው ልዩ ጥቅም የሠርግና የክርስትና ቪዲዮዎችን ማሳየቱ ነው። ኢትዮጵያ የተከተለችው ፓል የተባለውን፣ በሰከንድ 25 ምስሎች የሚያሳየውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ሲሆን፣ አሜሪካ ግን ወደ 30 የሚጠጋ ምስል ያለውን ኤንቲኤስሲ ስትጠቀም ስለኖረች፣ አዲስ አበባ ላይ ተቀርጾ ወደ ዋሽንግተን የተላከ የቪኤችኤስ ካሴት በዚያ ባለ ተራ ማጫወቻ አይታይም ነበር። ካሴቱ ወደ ፋይል ከተገለበጠ በኋላ ግን ለኮምፒውተር ይህ ድንበር የለም፤ የሁለቱንም ሥርዓት ቪዲዮ አንብቦ ያሳያል። የሚቀረው ሌላ ጣጣ ነው፦ የያኔው ካሜራ እያንዳንዱን ምስል በሁለት ግማሽ ከፍሎ፣ መጀመሪያ የአንዱን ወገን መስመሮች፣ ከሰከንድ ሃምሳኛ እጅ በኋላ በመካከላቸው ያሉትን ይቀርጻል። የዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ሁለቱን ግማሾች ባንድ ጊዜ ሲያሳይ፣ የቆመው ሽማግሌ ደህና ሆኖ እየታየ በእስክስታ የሚንቀጠቀጠው ትከሻ ዳር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተበጣጥቆ ይወጣል። ዲኢንተርሌስ የተባለው ማጣሪያ ሲበራ ግማሾቹ በየጊዜያቸው ተለያይተው እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። ማጣሪያው በሚታይበት ሰዓት ብቻ ይብራ፤ ፋይሉን ራሱን ቀይሮ እንደገና ማመቅ አይመከርም፣ ምክንያቱም በእያንዳንዱ እመቃ የሚጠፋው ዝርዝር አይመለስም። በዲቪዲ ላይ ያለ ሠርግም ቪዲዮው እንዳለ ወደ ኤምኬቪ መያዣ ሊዛወር ስለሚችል ጥራቱን የሚቀንስበት ምክንያት የለም።

በስክሪኑ ግርጌ የሚነበበው የአማርኛ ትርጉም፣ ማለትም ሰብታይትል፣ የራሱ ሁለት ሕመሞች አሉት፤ ምልክታቸውም ይለያያል። በፊደሎቹ ምትክ ባዶ ሳጥኖች ከተደረደሩ ሶፍትዌሩ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለውም ማለት ስለሆነ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክን የመሰለ ነጻ ፎንት በኮዲ የፎንት ማኅደር ውስጥ አስገብቶ መምረጥ ይበቃል። በአንጻሩ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች ከተዘበራረቁ ጽሑፉ የተጻፈው ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው የፊደላት የጋራ ኮድ ከመግባቱ በፊት በተለመደ ኮድ ነውና፣ እነዚህን ፎንቶች በማስገባት ብቻ ለውጥ አይገኝም፤ ጽሑፉ ራሱ ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ በዩቲኤፍ 8 መቀመጥ አለበት።

ስለ ማከማቻ ሲነሣ መታወቅ ያለበት፣ በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ቦታ እያለውም 4 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል እንደማይቀበል ነው፤ ኤክስፋት ተብሎ ሲዘጋጅ ይህ ገደብ ይነሣል፣ ፎርማት ሲደረግ ግን በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ መገልበጥ ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ ፋይሎች ሊበላሹ ስለሚችሉ፣ ማሽኑን በዲቫይደር ብቻ ከመሰካት ይልቅ በሥርዓት እስኪዘጋ ድረስ ጥቂት ደቂቃ የሚያቆየውን ዩፒኤስ መጠቀም ይገባል። ያም ሆኖ ሃርድ ዲስክ በዩፒኤስ ታግዞም አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። የሲኒማ ፊልም ከጠፋ ተፈልጎ ይገኛል፤ ካሴቱ ያረጀበት የሠርግ ቪዲዮ ግን ሌላ ቅጂ ላይኖረው ስለሚችል፣ ማሽኑ ተገጣጥሞ እንዳለቀ ቀድሞ መሠራት ያለበት የዚያን የሠርግ ቪዲዮ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጦ ከቤት ውጭ፣ በዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ ነው።