«ሶሾሎጂ ልማር ነው» ቢልዎትስ?

ልጅዎ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ይዞ ገብቶ «ሶሾሎጂ ነው የምማረው» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? ብዙዎቻችን ፊታችን ቶሎ ይለዋወጣል። «እሱ ደግሞ ምን ሥራ ያስይዛል?» እንላለን። የጎረቤት ልጅ ሕክምና መግባቱን ደግሞ ትናንት ሰምተናል! መልስዎን ከመስጠትዎ በፊት ግን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ኮኪት እንውረድ።

ኮኪት ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ለሱዳን ድንበር የቀረበች የቆላ ከተማ ናት። አካባቢው የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ክረምት ላይ ለአረም፣ ቀጥሎም ለአጨዳ፣ ከደጋው ብዙ ወጣቶች ለቀን ሥራ ይወርዳሉ። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም፤ ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው እዚያው እርሻው ላይ ያድራል። አንዳንዱ ግራር ሥር፣ አንዳንዱ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ጋደም ይላል።

ካላዛር የሚጠብቀውም እዚያ ነው። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ ዝንቧም የምትወደው ይህንኑ የግራር ጥላና የአፈር ስንጥቅ ነው። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ካልታከመም ይገድላል።

ሐኪሙ ደም ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል። ሶሾሎጂ የተማረ ሰው ግን ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ይህ ልጅ ከአገሩ ለምን ወጣ? መሬት አልደረሰውም ወይስ ዕዳ አለበት? ማን ቀጠረው? አጎበር ቢሰጠው የት ይሰቅለዋል? ሲታመም የቀን ሂሳቡን ላለማጣት ስንት ቀን ይታገሳል? ከመጣበት ወረዳ ርቆ ሲተኛ ማን ያስታምመዋል? እነዚህን ሳያውቁ አጎበር ማደል ገንዘብ መበተን ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው ቻርልስ ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ የአንድ ሰው የግል ችግር የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ ሥሩ ማኅበረሰቡ ውስጥ ነው።

ቆላው ደግሞ ጥያቄ አያጣም። ጉሙዝና አማራ ጎን ለጎን ይኖሩበታል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ገብቷል። ስደተኛውና ነባሩ ውኃውን፣ ገበያውን፣ የቀን ሥራውን እንዴት ይካፈሉታል?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በጥቂት ጊዜ እጅ ላይ የሚሠራ ሙያ ያስጨብጣል። ሶሾሎጂ ግን በዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ለቆላው ቅርብ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ያስተምረዋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች የሚወሰዱበት ስለሆነ ልጅዎ ሶሻል አንትሮፖሎጂን ቀምሶ፣ ሐሳቡን አጥርቶ ይመርጣል። የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ ፕሮግራሙ እውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳያጣሩ አይክፈሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ።

«ከሒሳብ ሸሽቼ» የሚል ልጅ ካለዎት ግን ቀድመው ይንገሩት፤ ስታቲስቲክስ እዚህም ይጠብቀዋል። ሰው ሲያወራ ማዳመጥ የሚሰለቸው ልጅም ባይገባበት ይሻለዋል። ሥራውም ቢሆን ወዲያው በር አንኳኩቶ አይመጣም። የተመረቁት የሚሠሩት በእርዳታ ድርጅት፣ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ፣ በስደተኞች ጉዳይ፣ በጥናትና ምርምር ነው። መጠይቅ ማዘጋጀትና መረጃ በኮምፒውተር መተንተን የቻለ፣ ከአማርኛ ሌላ አንድ የአገር ውስጥ ቋንቋ የጨመረ፣ ከጓደኞቹ ይቀድማል።

ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ «ምን ትሆናለህ?» የሚለውን ለጊዜው ይተዉትና «ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። እሱ እስኪመልስ ድረስ ግን እርስዎ ዝም ይበሉ።