ቢግ ፒት፦ ቆፋሪዎቹ የሚያስጎበኙት ጉድጓድ

በደቡብ ዌልስ ኮረብታዎች መካከል የምትገኘው ብላይናቮን ከተማ ቢግ ፒት የሚባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ አላት። ወደዚህ ጉድጓድ መውረድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ኪሱን ያራግፋል። ሞባይል፣ የእጅ ሰዓት፣ ላይተር፣ ባትሪ ያለው ዕቃ ሁሉ ላይ ይቀራል። ከከሰሉ የሚወጣው ሚቴን ጋዝ ከአየር ጋር ሲቀላቀል በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል ጥንቃቄው የእውነት ነው። ከዚያ ጎብኚው የራስ ቁር ይደፋል፣ የግንባር መብራቱን ባትሪ ወገቡ ላይ ይታጠቃል፤ ቆፋሪዎቹ ይመላለሱበት በነበረው የብረት ሊፍትም 90 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል።

ታች ጎንበስ ሳይሉ የማይታለፍበት ቦታ ብዙ ነው። ከሰል የጫነውን ጋሪ በሐዲድ ላይ ይጎትቱ የነበሩት ፈረሶች የሚያድሩበት ጋጣ አሁንም አለ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ አስጎብኚው ሁሉም ሰው መብራቱን እንዲያጠፋ ያዝዛል። የገዛ እጅን ዓይን ሥር ቢያስጠጉት እንኳ አይታይም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብሪታንያ ማዕድን ማውጫዎች ሕፃናት እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የአየር መቆጣጠሪያ በር ይጠብቁ ነበር፤ ጋሪ ሲመጣ ይከፍታሉ፣ ሲያልፍ ይዘጋሉ። ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው።

ላይ ደግሞ በ1939 የተከፈተው የሠራተኞች መታጠቢያ ቤት አለ። እርሱ ከመሠራቱ በፊት ቆፋሪው ከሰል እንደለበሰ ቤቱ ይገባል፤ ሚስትም ውኃ አሙቃ፣ ምድጃው አጠገብ በቆርቆሮ ገንዳ እንዲታጠብ ታዘጋጅለታለች። ስለ ማዕድን ሲወራ የሴቶቹ ድካም መረሳቱ ያሳዝነኛል። የመታጠቢያ ቤቱ መከፈት ለእነርሱም እፎይታ ነበር።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1789 ሥራ በጀመረው የብረት ማቅለጫ ዙሪያ ነው። ሠራተኞቹ ከሳምንት ደመወዛቸው ግማሽ ፔኒ እያዋጡ በ1895 ያስከፈቱት አዳራሽ ዛሬም ቆሟል፤ ቤተ መጻሕፍትም ነበረው። ያን ያህል ከባድ ሥራ ውሎ የሚመጣ ሰው ለመጽሐፍ ገንዘብ ማዋጣቱ ክብር ይገባዋል።

ቢግ ፒት በ1980 ተዘጋ፤ በ1983 ለጎብኚ ተከፈተ። በ2000 ብላይናቮንና አካባቢዋ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ለእኔ ግን የቦታውን ክብር የጠበቀው፣ ጉድጓዱን ለማስጎብኘት የቀድሞ ማዕድን ሠራተኞች መመረጣቸው ነው። የጣሪያውን ድጋፍ እንጨት ሲሰነጠቅ ሰምቶ የሮጠ ሰው የሚናገረውን፣ ከመጽሐፍ ያጠና ሰው ሊተካው አይችልም። ጉድጓዱ ሲዘጋ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ዛሬ 60ን አልፏል። ብሪታንያ የምትኖሩ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እነዚህ ሰዎች ገና ሳሉ ጠይቋቸው።