የሮል ባር ቱቦ ምርጫ

ሮል ባር የውድድር መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው ተደፍጥጦ ሹፌሩን እንዳይጎዳ ከመቀመጫው ኋላ የሚቆም የብረት ቱቦ ቅስት ነው። ቅስቱ ከፊትና ከጎን በሌሎች ቱቦዎች ተያይዞ የሹፌሩን ክፍል ሲከብ ሮል ኬጅ ይባላል። በፎርሙላ 1 ሮል ባር ግዴታ የሆነው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። በጎረቤት ኬንያ እንደሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ ባሉ የዓለም ሻምፒዮና ውድድሮች ደግሞ ያለ ሮል ኬጅ መወዳደር አይፈቀድም።

ከብረቱ የሚጠበቀው

ቱቦው ወደ ሹፌሩ ጭንቅላት እስኪደርስ መጉበጥ የለበትም፤ ተሰብሮም መለያየት የለበትም። ጥሩ ቱቦ ከአቅሙ በላይ ሲመታ በጥቂቱ ይጎብጣል፤ በመጉበጡም የአደጋውን ጉልበት ይቀንሳል። በጣም ጠንካራ ሆኖ ተሰባሪ የሆነ ብረት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የካርቦን መጠኑ ዝቅተኛ የሆነ፣ በቀላሉ የሚበየድና ሳይሰበር የሚለጠጥ ብረት ይመረጣል።

መጠን

የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ኤፍ አይ ኤ) ደንብ በቀዝቃዛው የተሳበ ስፌት አልባ የካርቦን ብረት ይጠይቃል። የመሳብ ጥንካሬው ቢያንስ 350 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር መሆን አለበት። የውጭ ዲያሜትርና የግድግዳ ውፍረት ዝቅተኛ ልክ እንደሚከተለው ነው፦

- ለዋናው ቅስት፦ 45 በ2.5 ሚሊሜትር ወይም 50 በ2.0 ሚሊሜትር
- ለአብዛኞቹ ሌሎች ክፍሎች፦ 38 በ2.5 ሚሊሜትር ወይም 40 በ2.0 ሚሊሜትር

ለዋናው ቅስት ከተፈቀዱት ሁለቱ መካከል ወፍራም ግድግዳ ያለው ይበልጣል ማለት አይደለም። ባለ 45ቱ ቱቦ በሜትር 2.62 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን ባለ 50ው 2.37 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሆኖም መጉበጥን የመቋቋም ግትርነት በባለ 50ው 15 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ምክንያቱም ብረቱ ከመሐል በራቀ ቁጥር መጉበጥን የበለጠ ይከላከላል። በሌላ በኩል ቀጭን ግድግዳ በምት ቶሎ ይሰረጉዳል፣ ሲታጠፍም በቀላሉ ይጨማደዳል።

ክሮም ሞሊብዲነም ያለበት ብረት (4130) ከተራው የካርቦን ብረት የበለጠ ጥንካሬ ስላለው ቱቦውን ለማቅጠንና ክብደት ለመቀነስ ያስችላል። ግትርነቱ ግን ከተራው ብረት ጋር ተመሳሳይ ነው። ብየዳውም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቶሎ ከቀዘቀዘ አካባቢው ደርቆ ሊሰነጠቅ ይችላል።

በገበያ ያለው ቱቦ

በኢትዮጵያ የብረት መሸጫዎች ለበር፣ ለመስኮትና ለጣሪያ የሚሸጠው ቱቦላሬ በአብዛኛው ላሜራ ተጠቅልሎ ርዝመቱን ሙሉ የተበየደ ነው። ስፌቱ ከውጭ ስለሚላግ ላይታይ ይችላል፤ ጣት ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ይዳሰሳል። ለበር የሚበቃው ይህ ቱቦ የደንቡን መስፈርት አያሟላም።

የውኃ ቧንቧም አይሆንም። በቧንቧ ላይ የሚጠራው ኢንች የውጭ ዲያሜትሩ አይደለም፤ የአንድ ተኩል ኢንች ቧንቧ ውጭው 48.3 ሚሊሜትር ነው። የተለበጠበት ዚንክም ሲበየድ ጎጂ ጭስ ያወጣል፣ ብየዳውንም ያበላሻል።

ስለዚህ የፋብሪካ የጥራት ሰርተፊኬት ያለው ቱቦ ይመረጣል፤ ውፍረቱም በካሊፐር ይለካል። እንደ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባሉ ዝናብ በሚበዛባቸው አካባቢዎች የተቀመጠ ቱቦ ከውስጥ ሊዝግ ስለሚችል ውስጡም ይታያል።

ማጠፍና መግጠም

ቱቦው ሳይሞቅ ይታጠፋል። የእጥፋቱ ራዲየስ ቢያንስ የዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ነው፤ ለ45 ሚሊሜትር ቱቦ 135 ሚሊሜትር ማለት ነው። ዋናው ቅስት ያለ ቅጥያ ከአንድ ቱቦ ይሠራል። በቀጭን ላሜራ ላይ ብቻ ቢቆም ወለሉን ስለሚበሳ፣ እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ሰሌዳ ይጠናከራል።

ከሮል ባር ጋር የሚምታታ

በፒክ አፕ መኪኖች ጭነት ሳጥን ላይ የሚታየው የሚያብለጨልጭ ቅስት በአብዛኛው ለጌጥ የሚገጠም ስለሆነ በመገልበጥ ጊዜ ሊታመኑበት አይገባም። እውነተኛው ሮል ኬጅም ቢሆን ሄልሜት ለማይደረግበት የከተማ መኪና አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ በቀላል ግጭት እንኳ ጭንቅላት ከብረቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። በውድድር መኪና ከሄልሜት፣ ከውድድር ቀበቶና በቱቦው ላይ ከሚጠቀለል መከላከያ ስፖንጅ ጋር አብሮ የሚሠራውም ለዚህ ነው።