በጎኗ የምትሮጥ ኮሮላ

ዲኤክስ ኮሮላን ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ታክሲ ሆና ሠርታለች፤ ሙሽራ አጅባለች፤ ብዙ ሰው መንዳት የተማረው በእሷ ነው። መለዋወጫዋም ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ክረምት ላይ እርጥብ አስፋልት ስትታጠፍ ጭራዋ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ሲሄድበት የደነገጠ ሾፌርም ጥቂት አይደለም። አጎቴ ላይ ይህ የደረሰው እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ነው። ፍሬን አልያዘም። መሪውን ጭራዋ ወደ ተንሸራተተበት መለስ አደረገና አቃናት፤ ከዚያ ቤት እስክንገባ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ያን ቀን ያየሁት ነገር ስም፣ ዳኛና ነጥብ እንዳለው፣ ሰውም ቲኬት ቆርጦ እንደሚያየው ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ነው።

በ2019 ጸደይ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትንሿ ኢትዮጵያ ከሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር፣ ከፌርፋክስ ጎዳና፣ አንድ ጓደኛዬ በመኪናው ይዞኝ ወደ ሎንግ ቢች ወረድን። ሎንግ ቢች የወደብ ከተማ ናት። ከ1975 ጀምሮ፣ በየዓመቱ ማለት ይቻላል፣ ጥቂት ቀናት መሀል ከተማው ያሉ መንገዶቿ በሲሚንቶ ግንብ ይታጠሩና የእሽቅድምድም ሜዳ ይሆናሉ። እኛ የሄድንበት የድሪፍት ውድድር የሚጠቀመው ከዚያ ሜዳ የመጨረሻዎቹን ሦስት መታጠፊያዎች ነው፤ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን። ወንበራችንን ፈልገን ሳንቀመጥ ከግንቡ ጀርባ አንዲት ኮሮላ ብቅ አለች። አፍንጫዋ ወደ እኛ ያያል፣ አካሏ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ከኋላዋ ነጭ ጭስ ግድግዳ ይሠራል። ጓደኛዬ ክንዴን ጨበጠኝ። እኔ የታየኝ የአጎቴ ፊት ነው።

ድሪፍት ማለት የኋላ ጎማዎች መሬቱን መቆንጠጥ ሲያቅታቸው መኪናዋ ዞራ እንዳትቆም ይዞ፣ በጎኗ እያስኬዱ መታጠፊያውን መጨረስ ነው። መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ የፊት ጎማዎቿ ወደ ቀኝ ያያሉ። ሾፌሩ የሚሄድበትን መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በጎን መስኮት ነው። ለማስጀመር የእጅ ፍሬን መሳብ ይቻላል፤ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ሞተሩን አስጩኾ፣ በድንገት መልቀቅም ይቻላል፤ መኪናዋን መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ወርውሮ ክብደቷ ሲመለስ ጭራዋን ይዞት እንዲሄድ ማድረግም አለ። ማስጀመሩ ቀላሉ ነው። ከዚያ በኋላ ነዳጅ ቢበዛ ትዞራለች፣ ቢያንስ ትቃናለች፤ ሁለቱም ነጥብ ያሳጣሉ። ሾፌሩ በዚህች ጠባብ ልክ ውስጥ በእግሩ ጣት ነው የሚኖረው።

ለዚህ የሚመቸው ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን የሚነዳ መኪና ነው። እዚህ ላይ ኮሮላ የራሷ ታሪክ አላት። የድሮዋ ዲኤክስ፣ በተለይ ኬኢ 70 የምትባለው፣ ኃይሏ ከኋላ ነው፤ ማሌዥያና አውስትራሊያ ውስጥ የድሪፍት ወጣቶች እየፈለጉ የሚገዟት ለዚህ ነው። በ1983 ቶዮታ ባለ አራት በሯን ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ አዞራት፤ ስፖርተኛ እህቷን፣ ባለ 1.6 ሊትሯን ኤኢ 86ን ግን እስከ 1987 ድረስ እንደ ድሮዋ ተዋት። ይህች ቀላል መኪና ጃፓን ውስጥ የድሪፍት አርማ ሆነች። ሎንግ ቢች ያየኋትን አዲስ ኮሮላ ይነዳት የነበረው ኖርዌጂያዊው ፍሬድሪክ ኦስቦ ነው፤ በ2015 ሻምፒዮን ሆኗል። እሷ ከፋብሪካ ስትወጣ የፊት ጎማ ናት። ፓፓዳኪስ ሬሲንግ የሚባለው ቡድን ፈታትቶ ኃይሏን ወደ ኋላ አዞረው፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሯንም ወደ 1,000 የፈረስ ጉልበት አደረሰው። የቶዮታ ሰዎች በ1983 የወሰዱትን፣ መካኒኮች በእጃቸው መለሱት።

ድሪፍት የተወለደው ጃፓን ነው። ኩኒሚትሱ ታካሃሺ በሞተር ብስክሌት ይወዳደር የነበረ ሰው ነው፤ በ1961 የሞተር ብስክሌት ግራንድ ፕሪ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ። ወደ መኪና ሲዞር በ1970ዎቹ መታጠፊያዎችን እየተንሸራተተ በፍጥነት ያልፍ ነበር። ይህን አይቶ የተማረከ ኬይቺ ሱቺያ የሚባል ወጣት ጥበቡን ወደ ተራራ መንገዶች ይዞት ወጣ፤ "የድሪፍት ንጉሥ" የሚለው ስም የእሱ ነው። በ2006 የወጣውን የቶኪዮ ድሪፍት ፊልም ያየ ሰው ሱቺያን ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ለአፍታ አይቶታል። እሱና የኦፕሽን መጽሔት መሥራች ዳይጂሮ ኢናዳ በ2000 ዓመት መጨረሻ ገደማ ዲ ዋን ግራንድ ፕሪ የተባለውን ውድድር ጀመሩ፤ በዚህ ውድድር አሸናፊውን የሚለየው ሰዓት ሳይሆን ዳኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፎርሙላ ድሪፍት በ2004 የመጀመሪያ ዘመኑን ያዘ። ሎንግ ቢች ለረጅም ዓመታት የውድድር ዘመኑ መክፈቻ ሆና ቆይታለች።

እኔ ባየሁት በ2019 ደንብ፣ አርብ ቀን ማጣሪያ ነው። እያንዳንዱ ሾፌር ብቻውን ይወጣል፤ መስመሩ፣ የመኪናዋ ማዘንበልና አነዳዱ ታይቶ ከ100 ነጥብ ይሰጠዋል። መሬቱ ላይ የተቀቡ ክልሎች አሉ። በአንዳንዶቹ የኋላ ጎማ ማለፍ አለበት፤ በሌሎቹ አፍንጫዋ ምልክቱን ሊነካው እስኪደርስ መቅረብ አለበት። ሎንግ ቢች ላይ የውጭው ክልል የሚገኘው ግንቡ ሥር ነው። ጥሩ ሾፌር የኋላ ባምፐሩ ሲሚንቶውን ፋቅ እያደረገው ያልፋል፤ አንድ ስንዝር ቢሳሳት ቸርኬውና እግሩ ይሰበራሉ። ስለ እግሩ ስል የመኪናዋን ማለቴ ነው፤ ሾፌሩ በብረት ቀፎ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወጣል።

ቅዳሜ ጥሎ ማለፍ ነው፤ ሰው የሚመጣውም ለዚያ ነው። ያለፉት 32 ሾፌሮች ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ ከዚያ ተመልሰው ይለዋወጣሉ። ይህን ለአንባቢዬ ለማስረዳት ከጉግስ የተሻለ ነገር አላውቅም። ጉግስ ላይ ሸሺው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይጋልባል፣ አሳዳጁ ዱላውን ለመወርወር ይጠጋዋል፣ ቀጥሎም የሸሸው ያሳድዳል። ዋናው ጥያቄ ማን ፈጣን ፈረስ አለው የሚል አይደለም፤ ማን ተጠግቶ፣ ማንስ ሳይሸበር ጋለበ የሚል ነው። ድሪፍትም እንዲያ ነው። ቀዳሚው ብቻውን የነዳ ያህል ንጹሕ መስመር መያዝ አለበት፤ ያለቦታው ፍሬን ይዞ አሳዳጁን ማጥመድ አይፈቀድለትም። አሳዳጁ ደግሞ ዓይኑን ከፊቱ መኪና አይነቅልም። እሷ ስታዘነብል ያዘነብላል፣ ስትቀና ይቀናል፣ በሩ ላይ እስኪደርስ ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የቀዳሚው ጎማ በሚተፋው ጭስ ውስጥ ሆኖ ነው። ሲነዳ መንገዱን በቅጡ አያየውም፤ የፊተኛውን ሰው አምኖ ነው የሚገባው። እኔን ይህን ስፖርት ያስወደደኝ ያ መተማመን ነው።

ከዚያ ሦስት ዳኞች ድምፅ ይሰጣሉ። መለየት ካልቻሉ ሁለቱም እንደገና ይወጣሉ፤ ያኔ ሕዝቡ ተነስቶ "ዋን ሞር ታይም!" እያለ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ስድቡም ጩኸቱም ዳኛ ላይ እንደሚሆን ጠብቄ ነበር፤ ሰዉ የጓጓው ግን እንደገና ለማየት ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ጭሱን ተከትሎ ያያል፤ እኔም እንደዚያው አይቼ ግማሹን ቀን አሳልፌያለሁ። ማየት ያለብን የፊት ጎማዎቹን ነው። ጸጥ ብለው በአንድ አቅጣጫ ከቆዩ ሾፌሩ መኪናዋን ገዝቷታል፤ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ከሆነ ከእሷ ጋር እየታገለ ነው። ቀጥሎ በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ማየት ነው። ቴሌቪዥን ይህን አያሳይም፤ ካሜራው ከሩቅ አቅርቦ ሲያነሳ ርቀቱን ያጣብቀዋልና ሦስት ሜትርም አንድ ሜትርም አንድ ይመስላሉ። በቦታው ሆኖ ከጎን ለሚያይ ግን ክፍተቱ ሲጠብ ይታወቀዋል፤ ትንፋሹንም ይይዛል። ስለዚህ ወንበር ሲመረጥ መኪኖቹ ከጎን የሚታዩበት ይሻላል። የጆሮ መድፈኛ፣ ባርኔጣና ውሃ አይረሱ። በሎስ አንጀለስ መሀል የሚያልፈው የኤ መስመር ባቡር ሎንግ ቢች መሀል ከተማ ያደርሳል፤ ከዚያ በእግር ነው።

ፓዶክ የሚሉት የቡድኖቹ ሰፈር ለተመልካች ክፍት መሆኑ ሌላው ደስታ ነው። ሻምፒዮኑን ገመድ ሳይከለክልህ ታገኘዋለህ፣ ልጆች ባርኔጣ ያስፈርሙታል። እኔ ግን ረጅም ጊዜ የቆምኩት መካኒኮቹ ዘንድ ነው። አንድ መኪና ግንብ መትታ ስትመለስ ቡድኑ ከሚቀጥለው ዙር በፊት አምስት ደቂቃ መጠየቅ ይችል ነበር። በዚያች አምስት ደቂቃ ኮፈን ይነሳል፣ የታጠፈ ፓራፋንጎ በመዶሻ ይቃናል፣ የተሰበረ ዘንግ ወጥቶ ሌላ ይገባል፣ ባምፐር በፕላስተር ይታሰራል። ማንም አይጮኽም። ሁሉም እጁን የት እንደሚያደርግ ያውቃል። የእኛ ሰፈር ጋራዦች ውስጥ በልጅነቴ ያየሁትን ቅልጥፍና ነው ያየሁት።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ይህ ጥበብ ከመንገድ ነው የመጣው፤ መንገዱ ግን ዛሬም ሰው ይገድላል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ዘግተው መኪና የሚያሽከረክሩ ወጣቶች አሉ፤ ተመልካቹ የሚቆመው ከጎማው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ሳዑዲ ውስጥ የኖሩ ወገኖቻችንም በሰፊ ጎዳናዎች ላይ ሲደረግ አይተውታል። ሱቺያ ራሱ በተራራ መንገድ ሲነዳ የተቀረጸበት የ1987 ቪዲዮ የመንጃ ፈቃዱን አሳግዶበታል። ግንቡ፣ ብረት ቀፎው፣ አምቡላንሱና ዳኛው የተጨመሩት ጥበቡ እንዲኖርና ሰውም እንዲኖር ነው። ልጁ ድሪፍት የሚወድ ወላጅ ከመቆጣት ይልቅ ወደዚህ ይዞት ቢመጣ እመርጣለሁ።

ማታ ወደ ፌርፋክስ ስንመለስ ጸጉራችን፣ አንገታችንና የኪሳችን ውስጥ ሳይቀር ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ሞልቶ ነበር። የኮሮላዋን ቪዲዮ አዲስ አበባ ላለው አጎቴ ላክሁለት፤ እዚያ ጠዋት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደወለ።

"ጋሼ፣ አየሃት?"

"ሦስት ጊዜ አየኋት። የኋላ ጎማ ናት አይደል?"

"አዎ፤ አድርገዋት ነው እንጂ የፊት ነበረች።"

ትንሽ ዝም አለ። "ፍሬን አልያዘም" አለኝ፤ "መሪውን ብቻ መለሰላት።"