የሰፈር ክለብና የስሙ ጉዳይ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ በአማተርነት ዘመኑ

«አማተር» የሚለውን ቃል የራግቢ ዩኒየንን ያህል አጥብቆ የያዘ ጨዋታ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ከሃያ በላይ የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ከማኅበራቸው ተለይተው ወጡ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ለጨዋታ ሲሉ ከማዕድንና ከፋብሪካ ሥራ የሚቀሩ ተጫዋቾቻቸው ያጡት የቀን ደመወዝ እንዲተካላቸው ጠይቀው ተከለከሉ። ተለይተው የወጡት ኋላ ራግቢ ሊግ የተባለውን ጨዋታ አቋቋሙ፤ የቀሩት ደግሞ ለተጫዋች መክፈልን እስከ እ.ኤ.አ. 1995 ድረስ እንደ ነውር ቆጠሩት። ገቢው ከርስቱ ለሚመጣ የባላባት ልጅ አማተርነት ክብር ሲሆን፣ ለማዕድን ቆፋሪው ግን የአንድ ቀን እንጀራ ማጣት ነበር።

ራግቢ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ጨዋታ አይደለም። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚያስነሣው ጥያቄ ለዚህ አገርም ባዕድ አይሆንም። ክፍያ በሌለበት ክለብን ክለብ አድርጎ የሚያቆመው ምንድን ነው? በሳንጃም ሆነ በመተማ የቆላው ሙቀት በረድ ሲል ሜዳ የሚወጡ ወጣቶች ኳስ የሚገዙት አዋጥተው ነው፤ ቡድናቸውም የሚጠራው በሰፈራቸው ስም ነው። ይህ ልማድ በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የሚገኝ ሲሆን፣ ወደ ክለብነት እንዴት እንደሚያድግ ከሚያሳዩት ቀደምት ምሳሌዎች ጐልቶ የሚታወቀው የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው።

ክለቡ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲሆን፣ በመሥራችነት የሚጠቀሱት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። በዚያን ጊዜ የተደራጀ የአገር ውስጥ ውድድር አልነበረም፤ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅትም እንዲሁ። ተጫዋቹ ራሱ አባል፣ አባሉም ራሱ ገንዘብ አዋጪ ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባው አማተርነት እንደ እንግሊዙ በደንብ የተጣለ ክልከላ ሳይሆን ከኑሮ የመነጨ ሁኔታ ነው። በአሠራሩም ከእንግሊዝ የጨዋ ክለብ ይልቅ ለዕድር ይቀርባል። በዕድር ውስጥ አባልነት የሚጸናው በመዋጮና በመገኘት ነው፤ በክለቡም እንደዚሁ።

የስሙ ጉዳይ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። አራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የሚገኝበት ሰፈር ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ደግሞ በ1888 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ወደ ዐድዋ መዝመቱ በትውልድ ቃል ሲነገር የኖረ ነው። ወጣቶቹ ይህን ስም ሲመርጡ ሰፈራቸውን መጥራታቸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ስሙ ለኢጣሊያኖች ምን ያስታውስ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ክለቡ ከተመሠረተ አምስት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። የወረራው አስተዳደር እግር ኳስን አልከለከለም፤ ነገር ግን በዘር ከፋፈለው። ኢትዮጵያውያን ከኢትዮጵያውያን ጋር ብቻ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ በውቤ ሰፈር ስም እንዲጠራ ተገደደ። ክለቡ በዚያን ጊዜ የራሱ ሕንፃም ሆነ የራሱ ሜዳ አልነበረውም፤ ሊወሰድበት የሚችል ንብረቱ ስሙ ብቻ ነበር። ስሙ ተወስዶም ቡድኑ አልፈረሰም፤ ምክንያቱም ያያዘው የሰፈር ልጅነት እንጂ የተመዘገበ ወረቀት አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ ክለቡ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የክለቦች ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተሳተፉ፤ ስብጥራቸውም የወቅቱን አዲስ አበባ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የኢጣሊያኖች፣ አንዱ የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ የኢትዮጵያውያን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሕግ የተከለከለው ግጥሚያ፣ ማለትም ሐበሻና ጣሊያን በአንድ ሜዳ በእኩል ደንብ መጫወታቸው፣ አሁን የሻምፒዮና መርሐ ግብር ሆነ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያ የሻምፒዮንነት ድሉን ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነበር።

ከዚህ ክለብ ከወጡት ሁሉ ስማቸው ርቆ የተሰማው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በወጣትነታቸው ክለቡን ተቀላቅለው ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተውለታል፤ የመለያየት ደንብ በሥራ ላይ በዋለባቸው ዓመታትም ማልያውን ለብሰው ነበር። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመተማ ድንበር ማዶ፣ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። መሥራቾቹ አገሮች አራት ሲሆኑ፣ ከነዚህ አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ ባለመፍቀዷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያ ከእርሷ ጋር ልታደርገው የነበረው ግጥሚያ በዚሁ ቀርቶ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ የአፓርታይድ ቡድን ወደ ዓለም አቀፍ መድረክ እንዳይመለስ በጽኑ ተሟግተዋል። ይህን አቋማቸውን ከአራዳው የወጣትነት ዘመናቸው ለይቶ መረዳት ያስቸግራል። በዚያው ዘመን የደቡብ አፍሪካ የራግቢ ቡድን በአብዛኛው በነጮች ተዋቅሮ ይጫወት ስለ ነበር፣ የሁለቱ ጨዋታዎች ታሪክ በዚህ ነጥብ ላይ ይገናኛል።

የስም ለውጡ በፋሺስቶች ዘመን አላበቃም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በነበረው ሥርዓት ስፖርት በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ዙሪያ ሲዋቀር፣ ክለቡ በቢራ ፋብሪካ ስም ይጠራ ጀመር። በሻምፒዮናዎች መዝገብ ላይም በ1977፣ በ1978 እና በ1979 ዓ.ም. በተከታታይ ያሸነፈው ቡድን በዚሁ ስም ሰፍሮ ይገኛል። ይህኛው ለውጥ ከመጀመሪያው በአንድ ነገር ይለያል፤ ፋብሪካው ለተጫዋቾች የሥራ ቦታና ቋሚ ገቢ የሚያስገኝ ደጋፊ ነበርና፣ አማተርነቱ በስም እንደ ቀረ በተግባር መላላት ጀምሮ ነበር። ደጋፊው ግን ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የቀድሞው ስም በይፋ ሲመለስ አዲስ ነገር አልሆነበትም፤ ለእርሱ ክለቡ ቀድሞም «ጊዮርጊስ» ነበር።