ስለ ታናናሽ ፈለኮች አሰያየም

በመሪኅ (ማርስ) እና በመሽተሪ (ጁፒተር) መካከል ፀሐይን የሚዞሩ ታናናሽ ፈለኮች እጅግ ብዙዎች ናቸው። የአቡሻህር ሊቃውንት አልቈጠሯቸውም፤ ያለ መነጽር ለማየት የሚያስቸግሩ ናቸውና። መጀመሪያ የተገኘችውን ፒያዚ የተባለ የኢጣልያ ካህን በ1801 (በኤውሮፓ አቈጣጠር) በሲሲልያ ደሴት አይቶ፣ የቀድሞ ሮማውያን የእህል አምላክ በሚሏት በሴሬስ ስም ጠራት።

ዛሬ ግን ስም የሚወጣው በተገኙበት ቀን አይደለም። ወንድ ሕፃን ለክርስትና ስሙ 40 ቀን፣ ሴቲቱም 80 ቀን እንደሚጠብቁ፣ ፈለኳም ትቈያለች። አስቀድሞ የተገኘችበት ዓመትና ሁለት የላቲን ፊደላት ይሰጧታል። የመጀመሪያው ፊደል የወሩን እኩሌታ፣ ሁለተኛው በዚያ እኩሌታ ስንተኛ ሆና እንደ ተገኘች ያመለክታል። ብዙ ጊዜ ታይታ መንገዷ በትክክል ሲታወቅ የማይለወጥ ቍጥር ትቀበላለች። ከዚህም በኋላ ያገኛት ሰው በ10 ዓመት ውስጥ ስም ያቀርባል፤ የዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ማኅበር መርማሪዎችም ያጸድቁታል።

ከእነዚህ አንዲቱ «ኢትዮጵያ» ትባላለች፤ ቍጥሯ 1432 ነው። ሲሪል ጃክሰን በጆሃንስበርግ ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ. ም. (ኦገስት 1 ቀን 1937) አገኛት። የመጀመሪያ ምልክቷ «1937 ፒጂ» ነበረ። መምህሩ በሰሌዳ ላይ «አይ» የተባለውን ፊደል አልፎ ቢያስቈጥር «ፒ» 15ኛው ነው፤ ይኸውም የኦገስት የመጀመሪያ እኩሌታ ነው። «ጂ» ደግሞ ሰባተኛ መሆኗን ይናገራል።

ዘመኑን ልብ ይሏል። በ1928 ዓ. ም. ጠላት አዲስ አበባ ገብቶ፣ አገራችንን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋራ ጠቅልሎ «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪቃ» በማለት የኢትዮጵያን ስም ከካርታው ፍቆ ነበር። በዚያው ዘመን የተገኘችው ፈለክ ግን የተፋቀውን ስም ይዛ ትዞራለች። ጃክሰን ካገኛቸው መካከል ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሞምባሳ የሚባሉም ስላሉ፣ ስሙ ለትግላችን ብቻ ተለይቶ የተሰጠ ነው ማለት አይገባም።

ስሙ ከ16 ፊደል እንዳይበልጥ፣ ለንግግርም እንዳያስቸግር ደንብ አለ። በገንዘብም አይሸጥም። የነገሥታትና የጦር አለቆች ስም፣ የጦርነትም ስም፣ 100 ዓመት ካላለፈው አይፈቀድም፤ ዐድዋ (1888 ዓ. ም.) ይህን ወሰን ካለፈች ቈይታለች። የአገው ምድር ልጅም «እንጅባራ» ወይም «ዳንግላ» የምትባል ፈለክ ቢሻ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን ስም የሚያቀርበው ያገኘ ነውና፣ አስቀድሞ ሊያገኛት ያስፈልገዋል።